ጂሜሌ ሞልቶ አረፈው

ባለፈው ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ስልኬን ሳየው ኢሜይል መቀበል አቁሟል፣ 15ቱ ጊጋ አለቀ ይለኛል። ለካ ጂሜል፣ ድራይቭና ጉግል ፎቶስ የሚጠቀሙት አንድ ቦታ ነው፣ ጥምቀተ ባህሩ ጋ የቀረፅኳቸው የጥምቀት ቪዲዮዎች ናቸው ጉድ የሰሩኝ።

ማታ ቡናው እስኪፈላ ኢሜይሎቹን አንድ ባንድ ማጥፋት ጀመርኩ (ሞኝነቴ!) እህቴ አይታኝ ሳቀች፣ "አንተ፣ በላኪው ስም ሰርች አድርገህ ባንዴ አታጠፋውም እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አንዱ የስራ ማስታወቂያ ላኪ ብቻ 900 ምናምን ልኮልኛል፣ አንዱንም ከፍቼው አላውቅም፣ ጠራርጌ አጠፋሁና ዳግም እንዳይልክልኝ አንሰብስክራይብ አልኩት። ቦታው ግን ንቅንቅ አላለም፣ ለካ ያጠፋኸው ኢሜይል ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ይቀመጣል፣ እሱንም ባዶ ማድረግ አለብህ።

ቪዲዮዎቹን ግን አንጀቴ አልቻለም፣ ፍላሽ ልገዛላቸው ነው።