ከሱ ፎልስ እስከ ቦሌ፦ ትራንዚት ከኋላ ወደ ፊት ይሰላል

ፒያሳም ሆነ ስታዲየም አካባቢ አንድ የትኬት ቢሮ ገብታችሁ «ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ይመጣል፤ ርካሹን እይልኝ» ስትሉ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ከየት ከተማ?» ነው። ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ከሆነ ሥራው ወዲያው ያልቃል። እንደ ሱ ፎልስ ያለች፣ ሐበሻ የማይጠፋባት ግን ኤርፖርቷ ትንሽ የሆነች ከተማ ከሆነች ዋጋ ማወዳደሩን አቆዩትና መጀመሪያ ትራንዚቱን አስሉ።

ውቅያኖስ የሚያቋርጠው ትልቁ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ችግር የለበትም። ጉዞው የሚበላሸው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በምትበረው ትንሿ ላይ ነው። ከትንሽ ኤርፖርት ወደ አንድ ትልቅ ከተማ በቀን የሚነሱት በረራዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ከተሰረዘ ቀጣዩ ሞልቶ ይሆናል፣ ወይም ነገ ነው። ያችው አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ስለምትውል ጠዋት የዘገየችው ሃያ ደቂቃ ማታ ሁለት ሰዓት ትሆናለች። በበጋቸው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ፤ በክረምታቸው ክንፍ ላይ የተጋገረ በረዶ ካልተራገፈ መነሳት የለም። የአብራሪዎቹ የሥራ ሰዓት በሕግ የተወሰነ ስለሆነ መዘግየቱ ሲረዝም በረራው ጭራሽ ሊሰረዝ ይችላል። የጠዋቱ የመጀመሪያ በረራ የሚመረጠው ለዚህ ነው፦ አውሮፕላኗ ብዙውን ጊዜ እዚያው አድራለች፣ ከሌላ ቦታ እስክትመጣ አትጠበቅም።

ስለዚህ ስሌቱ ከቦሌ ይጀምራል። መጀመሪያ ትልቁን በረራ ያዙ፤ ትንሿን በእሱ ልክ ፈልጉ። አየር መንገዳችን አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ደለስ፣ ኒውዋርክ፣ ቺካጎና አትላንታ ይበራል፤ ካናዳ ቶሮንቶ። በ2011 እ.ኤ.አ. ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ውስጥ ስለገባ ከአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ ጋር በአንድ ትኬት መገናኘት ቀላል ነው፤ ዩናይትድ ደግሞ በቺካጎ፣ በደለስና በኒውዋርክ ሰፊ ነው። አትላንታ የሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ የዴልታ ቤት ነው፤ ዴልታ የዚህ ማኅበር አባል አይደለም። ከትንሽ ከተማ ለሚነሳ ሰው አትላንታ በዋጋ ብታማልልም ብዙ ጊዜ በሁለት ትኬት መጓዝን ታመጣለች፤ እኔ አልመክርም።

ደለስና ቺካጎ በጠባይ ይለያያሉ። ደለስ ዋና ተርሚናሉ አንድ ስለሆነ ከዩናይትድ የወረደ ሰው በውስጥ ባቡር ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል፤ እንደገና አይፈተሽም። ችግሩ ሰዓቱ ነው፦ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳው በረራ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ስለሆነ ከመሃል አሜሪካ በዕለቱ ጠዋት ተነስቶ መድረስ አይታሰብም። ከዋዜማው ደርሶ ማደር ነው። እረፍቱ ከ24 ሰዓት ካነሰ በትኬቱ ሕግ ትራንዚት እንጂ ሌላ ጉዞ አይባልም። ቺካጎ ላይ ግን ከአገር ውስጥ በረራ ወርዶ ወደ ሌላ ተርሚናል በባቡር መሻገርና እንደገና ፍተሻ መሰለፍ አለ። ሲስተሙ «ዝቅተኛ የትራንዚት ጊዜ» የሚባለውን አይቶ ጠባብ ግንኙነትም ይሸጥላችኋል፤ ሁሉ ነገር በሰዓቱ ከሄደ ይደረሳል ማለት ነው እንጂ ይበቃል ማለት አይደለም። የእኔ ልክ ቢያንስ 3 ሰዓት ነው፤ ለገና ለሚመጣ፣ በረዶው በሚከብድበት ወቅት፣ 5 ሰዓት። ከዚህም ሌላ ከያዛችኋት በኋላ የምትነሳ አንዲት ትንሽ በረራ ብትኖርና በእሷም ትልቁ ላይ መድረስ ቢቻል ይሻላል። የቀኑን የመጨረሻ ትንሽ በረራ አትያዙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ትኬት ስል ከመነሻ እስከ ቦሌ በአንድ ቡኪንግ ማለቴ ነው። ያኔ ትንሿ ዘግይታ ትልቁ ቢያመልጥ በቀጣዩ በረራ የማሳፈር ግዴታው የአየር መንገዱ ነው። በሁለት ትኬት ከሆነ ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው ተሳፋሪው አለመቅረቡን ብቻ ነው፤ ትኬቱ ይቃጠላል። ደረሰኙ ላይ ያለውን ባለ 13 አኃዝ የትኬት ቁጥር እዩ፦ በ071 ከጀመረ ትኬቱን ያወጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፣ በ016 ዩናይትድ፣ በ220 ሉፍታንዛ። ቀን ለማስቀየር ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ የሚነግራችሁ ይህ ነው። በወኪል ከተገዛ ግን መጀመሪያ ወደ ወኪሉ። ባለ ስድስት ፊደሉ የቡኪንግ ኮድ በሁለቱ አየር መንገዶች ሲስተም የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ጠይቃችሁ ያዙ፣ አለዚያ የዩናይትዱን ወንበር መምረጥ አይቻልም።

ደጋግሞ የሚታይ ስህተት አለ። ተጓዡ «ጓደኛዬ ቺካጎ ድረስ በመኪና ያደርሰኛል» ብሎ የመጀመሪያዋን ትንሽ በረራ ይተዋል። ሲስተሙ የቀረውን ሁሉ፣ መልሱን ጨምሮ፣ ይሰርዘዋል። ከመሃል መግባት የሚቻለው ትኬቱ አስቀድሞ ሲቀየር ብቻ ነው።

ሻንጣ። ደረሰኙ ላይ «2 ፒሲ» የሚል ከሆነ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ በእነሱ ሚዛን 50 ፓውንድ። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሲደመር ከ158 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። መነሻው ላይ ታጉ ሲለጠፍ የመጨረሻው ኮድ የአዲስ አበባ መሆኑን በዓይን ማየት ያስፈልጋል፤ የቺካጎ ከሆነ ሻንጣው ቺካጎ ይቀራል። ከትንሽ ኤርፖርት በሚነሱት ትንንሽ ጄቶች ላይ ደግሞ የእጅ ሻንጣ ከላይ ያለው መደርደሪያ ውስጥ ስለማይገባ በሩ ላይ ይወሰዳል። ከመስጠት በፊት ፓወር ባንክ ይውጣ፤ በጭነት ክፍል አይፈቀድም። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ወርቅም አብረው ይውጡ።

በአውሮፓ በኩል ለሚመጣ ጥቂት ነገር። ከስዊድን ትንንሽ ከተሞች በስካንዲኔቪያው አየር መንገድ በኤስኤኤስ ወደ ስቶክሆልም አርላንዳ፣ ከዚያ በእኛው ወደ ቦሌ የሚለው የድሮ ምክር ከአሁን በፊት እንደነበረው አይሠራም፤ ኤስኤኤስ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ስታር አሊያንስን ትቶ ስካይቲም የሚባል ሌላ ማኅበር ገብቷል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር ኤርፖርት ለማለፍ ብቻ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ሕጋዊ የሸንገን መኖሪያ ፈቃድ ያለው አይጠየቅም። በሁለት ትኬት መጥቶ ሻንጣ ለመቀበል መውጣት ካለበት ግን የትራንዚት ቪዛ አይበቃም፤ መግቢያ ቪዛ ነው የሚያስፈልገው። ከአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርት በአንድ ቡኪንግ ተነስቶ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ሰው በአየር መንገዱ ጥፋት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ 600 ዩሮ ካሳ ይገባዋል። መዘግየቱ በአየር ጠባይ ከሆነ ግን ካሳ የለም።

ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላም ዓይን አይነሳበትም። በወራት ቀድሞ የተገዛ ትኬት ላይ የትንሿ በረራ ሰዓት ይቀያየራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቡኪንጉን ከፍታችሁ እዩ። ለውጡ ትራንዚቱን ካጠበበው ያለ ክፍያ ሌላ በረራ ይቀየር ብላችሁ ጠይቁ፤ አቤቱታው የሚሰማው ቀድማችሁ ስትደውሉ ነው።

ተቀባዮች ሆይ፣ ትኬት ላይ 07:15 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ነው፤ 19:15 ከምሽቱ። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ «+1» መድረሻው በማግስቱ ነው ትላለች፤ እሷን ሳያዩ በባዶው ቦሌ የሚመላለሱ ብዙ ናቸው። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በመጋቢት መግቢያ አካባቢና በጥቅምት መጨረሻ ስለሚቀይሩ ከቺካጎ ጋር ያለን ልዩነት አንዴ 9፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። በረራውን በቁጥሩ በስልክ ተከታተሉ። ተጓዡ ፒያሳን ካየ ከቆየ የድሮ ምልክት ይዞ ራይድ እንዳይጠራ፣ ብዙው ፈርሷል፤ ዓድዋ መታሰቢያን መነሻ አድርጋችሁ አስረዱት።

ሻንጣ ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጣ፣ እዚያው የጠፋ ሻንጣ መመዝገቢያ ላይ ይመዝገብ፤ የታጉን ቁራጭና የተሰጠውን የፋይል ቁጥር ይያዝ። የተሰበረ ከሆነ በጽሑፍ ማመልከቻው በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከመጣ በእጁ ከገባ ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ነው።