ንግግር ከማሰናዳቴ በፊት ፈላጊውን ስለመፈተሽ

ባለፈው ዓመት በሰሜን ሸዋ ስላለው የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ጥንታዊ አጠባበቅ የአንድ ሰዓት ንግግር ለማሰናዳት ሁለት ወር ሙሉ ደከምኩ። የአካባቢው አቅኚ አባቶች የሆኑት የአስቦና የገራ ዘሮች ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት እንዴት እንደጠበቁት፣ አባ ቄራ የሚባለው የተመረጠ አለቃ ሥፍራውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግቶ እንዴት ያቆየው እንደነበር፣ ሥርዓቱም ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ እንዴት እንደፈረሰ በዝርዝር ጻፍኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ንግግሩን ሳቀርብ ግን ከተደረደሩት ስድሳ ወንበሮች ሰው የተቀመጠባቸው ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ ያሳሰበኝ፣ ከመጀመሬ በፊት ያማከርኳቸው ሰዎች በሙሉ «በጣም ጥሩ ርእስ ነው፣ በርታ» ብለውኝ የነበረ መሆኑ ነው። አልዋሹኝም። እኛ ዘንድ የሰውን ሐሳብ ፊት ለፊት «ይህ ለእኔ አይረባኝም» ማለት ነውር ስለሆነ በይሉኝታ መረቁኝ፤ እኔም ምርቃቱን እንደ ፍላጎት ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ርእስ ሲመጣልኝ ሳልፈትሸው ከአንድ ገጽ በላይ አልጽፍበትም። ቡና በተፈላበት ቤት ነገሩን በሦስት ደቂቃ አጫውቼ ዝም እላለሁ። በአቦሉ ላይ የምሰማውን አድናቆት አልቆጥረውም፤ ጨዋታው ወደ ኑሮ ውድነትና ወደ ልጆች ትምህርት ከሄደ በኋላ፣ በረካው ሲቀዳ አንዱ «ቆይ፣ ቅድም ያልከው ነገር እኮ…» ብሎ በራሱ ፈቃድ ሲመለስበት ግን ጆሮዬን አቆማለሁ። ጥያቄውንም እንደ ወረደ ማስታወሻዬ ላይ አሰፍረዋለሁ፤ ሰው የሚጠይቅበት ቃልና እኔ ለርእስ የመረጥኩት ቃል አብዛኛውን ጊዜ አይገጥሙምና።

ያንኑ የጓሳን ጉዳይ ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ፣ የእድር ስብሰባ ሲያበቃ ሊቀመንበሩን አስፈቅጄ በአጭሩ አነሣሁት። ስለ ታሪኩ የጠየቀኝ አልነበረም። አንድ አባት ግን ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን በዱላቸው ራስ ላይ እንዳሳረፉ፣ «ለመሆኑ ሥፍራው ተዘግቶ ሳለ ሌሊት ተደብቆ ከብቱን የሚያግደውን ማን ይይዘው ነበር? የያዘውስ ከጎረቤቱ ጋር እንዴት ይኖራል?» አሉ። ወዲያው ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ሁለት ወር በደከምኩበት ጽሑፍ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የነበረው መልስ አንድ አንቀጽ እንኳ አይሞላም ነበር።

ሆኖም ጥያቄ መነሣቱ ብቻውን አይበቃም። «ብናገር ትሰሙኛላችሁ?» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ያው ምርቃት ነው፤ «የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ሰዓት ትሰጡኛላችሁ?» ሲባል ግን ሰው ሥራውንና መንገዱን ያሰላል፤ ሊቀመንበሩም ወይ ቀን ይቆርጣል፣ ወይ «እስቲ እናያለን» ይላል። «እስቲ እናያለን» የጨዋ እምቢታ መሆኑን አምኖ ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል። በእርግጥ በጥቅምትና በኅዳር፣ ገበሬው ገብሱን ውርጭ ሳይመታበት ለማንሣት በሚጣደፍበት ሰሞን የሚገኘው እምቢታ የርእሱ ሳይሆን የወቅቱ ሊሆን ስለሚችል፣ አጨዳውና ውቂያው ሲያልቅ፣ በጥር፣ መልሼ እጠይቃለሁ።

ይህን ስል ያልተጠየቀ ነገር ሁሉ ሳይነገር ይቅር ማለቴ አይደለም። የቄሮ ሥርዓት ታሪክ ፈላጊ ባይኖረውም ሊነገር ይገባዋል ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ ፍተሻው የጠቀመኝ ታሪኩን ለመተው ሳይሆን ከየት እንደምጀምረው ለማወቅ ነው።

እድሩ ቀን የቆረጠልኝ በየካቲት ነበር። ንግግሬን በአባትየው ጥያቄ ከፈትኩት፤ አባ ቄራም፣ የ1967ቱ አዋጅም የገቡት ለጥያቄው መልስ ሆነው ነው። ስጨርስ ጭብጨባው ገና ሳይበርድ፣ እኚያ አባት ከመንደራቸው በላይ ያለው ተራራ ቢከለል ዘቡ ከየትኛው ጎጥ መሆን እንዳለበት ከጎናቸው ከተቀመጠው ሰው ጋር መከራከር ጀምረው ነበር።