የኩባ ጽዋ ጠረባዬ የደረሰበት

የጽዋው ነገር የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ሰው መምሰል ጀምሯል። አዲስ ለሆናችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የምጠርበው ኩባዎች ከራፊያ ዘንባባ የሚቀዳ መጠጥ የሚጠጡበትን፣ የሰው ራስ ቅርጽ ያለውን የእንጨት ጽዋ ነው። ኩባ ስል ደሴቷን አይደለም። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በካሳይና በሳንኩሩ ወንዞች መሀል ያለውን የቆየ መንግሥት ነው። እዚያ የሹመት ዓይነቱ ብዙ ነው። ሹማምንቱ ተሰብስበው ሲጠጡ ጽዋው የባለቤቱን ደረጃ ያሳብቃል። ጠራቢዎቹ እንዲህ የተጠበቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ፉክክር ነው።

ዓይኑ አያስቸግርም ወይ ትሉኛላችሁ። ኧረ ዓይኑ ቀላል ነው፤ ከቡና ፍሬ ብዙም አይለይም። ሰው የሚያደክመው የፀጉሩ ጠርዝ ነው። ኩባዎች የፀጉራቸውን ዳር ይላጩት ስለነበር ጠርዙ በግንባር ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድና ጆሮ ጋ ሲቃረብ በማዕዘን ይታጠፋል። እንጨቱ ላይ ይህ እርከን ሆኖ ይወጣል፤ ፀጉሩ ከፍ፣ ቆዳው ዝቅ ይላል። እርከኑ ትንሽ ከተንጋደደ ፊቱ በሙሉ የተኮሳተረ ይመስላል። እኔ አሁን ፊቱን የምጀምረው ከዚህ መስመር ነው። አፍንጫው ቦታውን ራሱ ያገኛል።

ውስጡን መቦርቦር ሌላ ጣጣ ነው። ጽዋው ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፤ አንገቱ መቆሚያ፣ አናቱ አፍ ይሆናል። አፍንጫው ጋ እንጨቱ ወፍራም ነው፣ ዓይኑ ጋ ግን ይሳሳል። ስለዚህ አውራ ጣቴን ከውስጥ፣ ሌባ ጣቴን ከውጭ አድርጌ እየቆነጠጥኩ እሄዳለሁ። መለኪያ አለኝ፣ ግን ጣቴን ይበልጥ አምነዋለሁ።

ከጆሮ በስተኋላ ያለው የተጠላለፈ ጥብጣብ ገና ነው። አንዱ ከላይ ካለፈ ቀጣዩ ከታች ማለፍ አለበት፣ ዙሪያውን ዞሮም ያለ ስፌት መግጠም አለበት። ይኼው ንድፍ የራፊያ ጨርቃቸው ላይም አለ። ኩባዎች ለንድፍ ያላቸው ፍቅር ለጉድ ነው። ሚስዮናውያን ለንጉሡ ሞተር ሳይክል ሲያሳዩት ሞተሩ ምንም አልመሰለውም፤ የገረመው ጎማው አሸዋ ላይ የተወው አሻራ ነበር ይባላል። አሻራውን አስቀድቶ በስሙ አስጠራው።

ቨርጂኒያ አካባቢ ያላችሁ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ጎራ በሉ። የዚያው ተማሪ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ዊሊያም ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1892 የኩባን ዋና ከተማ አይቷል፤ የሰበሰባቸው ዕቃዎችም እዚያ ይገኛሉ። ፎቶ ላይ የጀርባው ቅርጽ እምብዛም ስለማይነሳ ዞር ብሎ ማየቱ ለጠራቢ ዋጋ አለው።

ማሳመሪያን በተመለከተ፣ ኩባዎቹ ቱኩላ የሚባል ቀይ የእንጨት ዱቄት ይቀባሉ። እኔ ዘይት ብቻ ላደርግ ነው። አሮጌ ለማስመሰል የቡና አተላ የሚቀቡ አሉ፣ እሱን አልወድም። አዲስ ዕቃ አዲስ ይምሰል።

የቀረኝ የግራ ጆሮ፣ ጥብጣቡና ከማጅራት የሚነሳው እጀታ ነው። ለጥብጣቡ ጠባብ መሮ ይዣለሁ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይደነዝዛል። እናንተ ምን ላይ ነው የምትስሉት?