ንጭንጭ፣ ቡናና አፈር

ዛሬ ነጭናጫ ነኝ። ለምን እንዳትሉኝ። ንጭንጩም ቢሆን ውስጥ ውስጡን ነው፤ ድምፅ የለውም። ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ አንዲት የቢሮዬ ልጅ «ደህና አደርሽ?» አለችኝ፤ ዝም ብያት አለፍኩ። ኩራት መስሏታል። ትንፋሽ አጥቼ ነው።

ደም ማነስ አለብኝ። ለሴት ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው ይባላል። እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ከዚያም ከፍ ማለት ነበረበት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ጨመር አድርጎ ይሠራል። የእኔ ግን 12ንም አልነካ። የብረት ክኒኑ ሆዴን ድንጋይ አድርጎታል፤ ዝርዝሩን ልተወው። ሐኪሟ «ከክኒኑ ጎን ጉበት ብዪ፣ ቀይ ሥጋ ብዪ» ትለኛለች። በሰኔ ጾም! የንስሐ አባቴን ጠይቄአቸው ለታመመ ይፈቀዳል ብለውኛል። ቢሆንም ቤቱ በሙሉ ሽሮ ከብቦ እኔ ጥግ ይዤ ዱለት ልብላ?

ስለዚህ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ። ብረት ማዕዳችን ላይ ጠፍቶ አያውቅም። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፤ ወንድ 8 ይበቃዋል። ሥጋው መጀመሪያ ለማን እንደሚወጣ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የእህልና የቅጠል ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። እህሉ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ጠፍሮ ይይዘዋል። ሊጡ እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ትንሽ ይለቀዋል። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከጎኑ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም መብላትም ይረዳል፤ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ያሳልፈዋል። ጁስ ቤቱ ግን «ደም ይሠራል» እያለ የሚሸጥልኝ ቀይ ስር ከቀለሙ በቀር ይህን ያህል ብረት የለውም። እጠጣዋለሁ እንጂ።

ስለ ድስትም ለእማዬ ነግሬአታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ትግራይ ውስጥ የተሠራ። በብረት ድስት የተሠራ ምግብ የበሉት ሕፃናት በአሉሚኒየም ድስት ከበሉት ይልቅ ደማቸው ተሻሽሎ ተገኘ። እማዬ ሰምታ ሰምታ «ይዝጋል» አለች። ጥናቱን በአንድ ቃል ዘጋችው።

ትልቁ ጣጣ ቡናው ነው። ሻይም ያው ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ከተጠጣ የእህሉን ብረት አስሮ ያስቀረዋል። አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ ሁለት ሰዓት ማቆየት ነው። እስቲ ይህንን እኛ ቤት ንገሩልኝ። ገበታው ሳይነሳ ቡናው ይቆላል፤ ጭሱ ይዞራል፤ ጎረቤት ተጠርቷል። እሁድ ዕለት «እኔ በኋላ እጠጣለሁ» ብል እማዬ ደንግጣ «ምነው፣ ከማን ተጣላሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከቶናው ጋር? ጠጣሁ።

ጤፍስ ትሉ ይሆናል። ጤፍ ብረት አለው እያልን ስንኮራ ኖረናል። አለውም። ነገር ግን ሲለካ ከሚገኘው ብዙው ከአውድማው የመጣ አፈር ነው። በሬው መሬት ላይ ሲያበራየው አፈሩ አብሮት ይገባል፤ ጤፉ ሲታጠብ ቁጥሩ ይወርዳል። የአፈሩ ብረት ደግሞ ለሰውነት እምብዛም አይሆንም። እና አፈር እየበላን ኖረናል ማለት ነው።

አፈር ስል አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ትልቋ። ነፍሰ ጡር ስትሆን የማድ ቤቱን የጭቃ ግድግዳ እየቆረሰች ትበላ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ጥግ ተሸርሽሮ ይታያል። ትልልቆቹ «አምሯት ነው፣ ልጁ ፈልጎ ነው» ብለው ይስቃሉ። እኛም አብረን እንስቃለን። ለካ አፈርና በረዶ ማማር ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር አብሮ ይመጣል። ልጆቿን ደግሞ በላይ በላዩ ነው የወለደችው። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ስትል «እሷማ ሥራ አትወድም» ትባል ነበር። ያ ስም እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ቤተሰብ ሲሰበሰብ አሁንም ይቀለድባታል። ስንፍናዋን ለክቶ ያየ ሰው ግን የለም።

ደወልኩላትና ግድግዳውን አነሳሁባት። ከት ብላ ሳቀች። «አይ አንቺ! ጣዕሙ አሁንም ምላሴ ላይ አለ» አለችኝ። «ይደክምሽ ነበር?» አልኳት። ዝም አለችና «ማን ጠይቆኝ?» አለች። ከዚያ ወዲያው «አንቺስ ምን አማረሽ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። እንዲያ ጠርጣራ ናት። ማታ ማታ ተደብቄ ከፍሪዘር በረዶ እያወጣሁ እንደምቆረጥም አልነገርኳትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። እሷ ሰነፍ ተብላለች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ «ረጋ ያለች ልጅ» ነኝ። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ሠርግ ላይ አልጨፍርም፣ ሰው ሲሳደብ አልመልስም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቢቀድሙኝም ዝም ነው። ጨዋ ናት ይባላል። ጨዋነቴ የብረት እጥረት ቢሆንስ? ክኒኑ ሲሠራ፣ ደሜ ሲሞላ፣ ከውስጤ የምትወጣው ምን ዓይነት ሴት ናት? ታክሲ ሰልፍ ላይ ለምትቀድሙኝ ሰዎች፣ ሐኪሟ ሦስት ወር ብላለች።