ሻማ እያጠፉ የወጡት ሙዚቀኞች

ቪየና በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ማታ ማታ አንድ የኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ የእንግዶችን ካፖርት እየተቀበልኩ እሰቅል ነበር። ሙዚቃው የሚደርሰኝ በተዘጋ በር በኩል ነው። አንድ ቀን አብረውኝ የሚሠሩ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ፣ «የዛሬውን ሳታይ አትሄድም» ብለው ወደ ላይ አወጡኝ። ከኋላ ቆምን።

የኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የዮሴፍ ሃይድን 45ኛ ሲምፎኒ ነበር። «የስንብት ሲምፎኒ» ይሉታል። አጀማመሩ ቁጣ ነው። አንደኛዎቹ ቫዮሊኖች ከላይ ወደ ታች ይወረወራሉ፤ ሁለተኛዎቹ ከምቱ ውጭ እየገቡ ዕረፍት ይነሱታል። ቅኝቱ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ነው። በዚያ ዘመን ሲምፎኒ በዚህ ቅኝት መጻፍ ብርቅ ስለነበር ሆርን ለሚባሉት የነሐስ መለከቶች የተለየ የቱቦ ቁራጭ ማሠራት ግድ ሆኗል።

የመጨረሻው ክፍል በሩጫ ይጀምራል። ጥድፊያው ጣራ ሲነካ ቀጥ ይላል። ከዚያ ዝግ ያለ፣ ለስላሳ ዜማ ይመጣል። እሱ መሀል ላይ አንድ የኦቦና አንድ የሆርን ተጫዋች ድርሻቸውን ጨርሰው ተነሡ። መብራታቸውን አጥፍተው ወጡ። ችግር የተፈጠረ መስሎኝ ደነገጥኩ። ባሶኑ ሄደ። ኮንትራባሱ ብቻውን ብዙ ተናግሮ ሄደ። መድረኩ እየጨለመ መጣ። በመጨረሻ ሁለት ቫዮሊኖች ቀሩ፣ ድምፃቸው ታፍኖ፣ ለመስማት ትንፋሽ መያዝ እስኪያስፈልግ ድረስ።

ካፖርቱን ስንመልስ ሴትዮዋ ታሪኩን ነገሩኝ። ሃይድንን የቀጠረው ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ በጋውን ሃንጋሪ ባሠራው ቤተ መንግሥት ያሳልፋል። ሙዚቀኞቹ ይከተሉታል፤ የአብዛኞቹ ሚስትና ልጆች ግን አይዘንሽታት በምትባለው ከተማ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1772 ቆይታው ከልክ አለፈ። ሰዎቹ ቤታቸው ናፈቃቸው። ሃይድን አቤቱታቸውን በዚህ ሲምፎኒ አቀረበላቸው። ልዑሉም ገብቶት በማግስቱ ጓዝ አስጠቀለለ ይባላል።

ባለቤቴና ልጄ አዲስ አበባ ናቸው። የቤተሰብ ማገናኘት ማመልከቻ ካስገባሁ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖኛል። የሚመጣልኝ መልስ «ፋይልዎ በሂደት ላይ ነው» ብቻ ነው። ያን ማታ በባቡር ስመለስ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያለፋቸው ሰዎች የኔን ናፍቆት የሚያውቁት መሰለኝ።

ቅዳሜ በቪዲዮ ደውዬ ሲምፎኒውን ከኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ሰው በተነሣ ቁጥር ትጠይቀኛለች።

«አባ፣ የት ሄደ?»

«ቤቱ።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ቤቱ።»

ሁለቱ ሲቀሩ ዝም አለች። መጀመሪያ ሲቀርብ ከነዚያ ከሁለቱ አንዱ ሃይድን ራሱ እንደነበር ነገርኳት። እናቷ ስልኩን ተቀበለቻት። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም።

«እስቲ ሰዎቹ መውጣት ከሚጀምሩበት መልሰው» አለችኝ።

መለስኩት።