ለአንድ ፕሌይስቴሽን ሰባት ዓመት ያንሳል

የሶኒ ጌም መጫወቻ ፕሌይስቴሽን 3 እ.ኤ.አ. በ2006፣ 4 በ2013፣ 5 ደግሞ በ2020 ወጡ፤ ሁለቱም ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። እኔ አስር ይሁን ባይ ነኝ። ፕሌይስቴሽን 2 እኮ ከ12 ዓመት በላይ ተመርቷል!

ዕቃውም ከተንከባከቡት ይችላል። የፕሌይስቴሽን 4 ፋን እንደ ፀጉር ማድረቂያ ሲጮህ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ አለዚያም ቺፑ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) ደርቋል። ጫፉ የኮከብ ቅርጽ ይዞ መሃሉ ቀዳዳ ባለው ቲ8 ካቻቢቴ ከፍታችሁ አሮጌውን በአልኮል ጥረጉ፤ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት ትበቃለች። ፋኑን በአየር ስትነፉ በጣት ያዙት፣ በኃይል ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ጨዋታ ለመክፈት ከዘገየ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስኩን በሳታ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በሚፈጥን ማከማቻ) ቀይሩ። መጀመሪያ ግን ሴቩን (ጨዋታው የደረሳችሁበትን የሚያስቀምጠውን ፋይል) ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ሲስተሙም ከፍላሽ እንደገና ይጫናል።