ሻንጣውን ስጠው፣ ኢንስፔክተር!

በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ከተማርነው ብዙዎቻችን ሩሲያኛው እየጠፋን ነው። እኔ ግን ዘንድሮ አንድ ሙሉ ልቦለድ ያለ መዝገበ ቃላት ጨረስኩ። ጉራ ከሆነም ይሁን።

መጽሐፉ የሶቪየት የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊዎቹ የወንድማማቾቹ የአርካዲና የቦሪስ ስትሩጋትስኪ «የሟቹ ተራራ ወጪ ሆቴል» ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. «ዩኖስት» መጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣ ነው። ቋንቋው ቀላል፣ ቀልዱ ብዙ ስለሆነ መረጥኩት። ጀርመን ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ አሮጌ ቅጂ ፈልጎ ላከልኝ።

ጉዱ የመጣው ጥቅሉ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው። «ደረሰኝ?» አለችኝ ፖስታ ቤቱ መስኮት ጋ ያለችው ልጅ። ስጦታ ነው፣ ያገለገለ መጽሐፍ ነው አልኳት። «ደረሰኝ ከሌለው ዋጋው በምን ይታወቃል?» ደብዳቤ ጽፌ ሄድኩ፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ደግሞ ደብዳቤው ቆይቷል፣ አዲስ ቀን ያለው አምጣ ተባልኩ። ጥቅሉ ከልጅቷ ጀርባ መደርደሪያው ላይ ይታየኛል። አንዱ ጥግ ተቀዶ የመጽሐፉ ሽፋን ብቅ ብሏል። ሁሉም ትሁት መሆናቸው ደግሞ ይብስ አናደደኝ። «አባባ፣ እኛ ምን እናድርግ፣ መመሪያ ነው።» መመሪያውን አሳዩኝ ስል የሚያሳየኝ የለም። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ ኃላፊ ጥቅሉን ገለጥ አድርገው አዩና «ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው!» ብለው ሰጡኝ። እኔስ ምን ስል ከረምኩ?

በዚህ ንዴት ነው ማንበብ የጀመርኩት። ኢንስፔክተር ግሌብስኪ ፈቃድ ወስዶ ተራራ ላይ ያለ ሆቴል ይገባል። የሥራ ዘርፉ ምዝበራና የሰነድ ማጭበርበር እንጂ ነፍስ ግድያ አይደለም። የበረዶ ናዳ መንገዱን ይዘጋዋል። አንዱ እንግዳ ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ ይገኛል።

ሰው ሁሉ «መጨረሻውን ሳታውቁ አንብቡት» ይላል። እኔ አልስማማም። ገዳዩን እያሳደዳችሁ ካነበባችሁት፣ መጨረሻ ላይ የተሸወዳችሁ ይመስላችኋል። ስለዚህ ልንገራችሁ፤ ገዳይ የለም። ሟች የተባለው ሮቦት ነው። ሞዘስ የሚባለው እንግዳ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው ሻንጣ ላይ ነው።

ሻንጣው ውስጥ ያለው መሣሪያ ካልተመለሰላቸው ሞዘስና አብረውት ያሉት ማምለጥ አይችሉም። ሞዘስ ቀድሞ አብሯቸው የሠራው ወንበዴዎች እየመጡባቸው ነው። ግሌብስኪ ግን ሻንጣውን ቆልፎበት ቁጭ አለ። ሞዘስ ከወንበዴዎች ጋር ሠርቷል፣ የሚመለከተው አካል መጥቶ ይወስን ባይ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ስኔቫርና ፊዚሲስቱ ሲሞኔ ለመኑት። እምቢ ሲል በጉልበት ነጥቀው ሰጧቸው። ግን ረፍዷል። በበረዶው ላይ ሲሸሹ የወንበዴዎቹ ሄሊኮፕተር ደርሶ ፈጃቸው።

እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ «ስጠው እንጂ!» ብዬ ጮኬ ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ።

ጠበቃ የሆነ ወዳጄ ግሌብስኪ ልክ ነው ይላል። ሞዘስ የባንክ ዘረፋ ላይ እጁ አለበት፤ ፖሊስ በእንባ ማስረጃ ይመልስ እንዴ? አባባሉ ውኃ ያነሳል፤ ግን ሕጉ ሰዓት ይጠብቃል፣ የሚሞት ፍጡር አይጠብቅም። ግሌብስኪ ራሱ ካረጀ በኋላም ሕሊናው አላስተኛው ብሏል። ወዳጄ ይህን ሳነሳበት ወሬ ይቀይራል።

ፊልሙን አስቀድሙ የሚሏችሁን አትስሟቸው። በ1979 እ.ኤ.አ. ግሪጎሪ ክሮማኖቭ ለኢስቶኒያው ስቱዲዮ ለታሊንፊልም የሠራው ነው። የስቬን ግሩንበርግ ሙዚቃ ግሩም ነው። ፊልሙ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ የመጽሐፉን ቀልድ አላገኘሁበትም። መጽሐፉን አስቀድሙ። ከውጭ የምታስመጡት ከሆነም በፖስታ አይሁን፤ የሚመጣ ሰው ፈልጋችሁ በሻንጣው ይዞላችሁ ይምጣ።